የመስኖ ውሃ ተራ ለ36 ቤተሰብ፤ ሰባት ቀኑን ለምን አልወደድኩትም

ጥያቄው የመጣልኝ ከአንድ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ጸሐፊ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«36 አባወራና እማወራ ነን። ሁላችንም ከአንድ መጥለፊያ በአንድ ዋና ቦይ እናጠጣለን። መሬታችን በጠቅላላ 48 ጥማድ ነው፤ አብዛኛው ሽንኩርት። ባለሙያ በጥር ሲለካው ውሃው በሰከንድ 15 ሊትር ሆነ። ሳምንቱን በ14 ፈረቃ ከፍለነዋል፣ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት። ሁሉም ቋሚ ፈረቃ አለው። ሌሊት የደረሰው ሁልጊዜ ሌሊት ነው። እሁድ የደረሰውም ሁልጊዜ እሁድ ነው። ከታች ያሉት ውሃ አይደርሰንም ይላሉ። የቦይ ጠረጋ ሲጠራ ከላይ ያሉት ይቀራሉ። ብቻቸውን የሚያርሱ እናቶች ሌሊት ቦይ ላይ ማደር ከብዷቸዋል። አንዳንዱ ተራውን በ10 ቀን እናድርገው ይላል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ውሃው በግማሽ ይቀንሳል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው የውሃ ሌባን ወይም ደካማ የውሃ አባትን (ተራ አስከባሪውን) ነው። የእናንተን ስሌት ሳየው ግን ግማሹ ጠብ የመጣው ከቁጥሩ ነው። ሰባት ቀን ለተራ መጥፎ ቁጥር ነው። 10 ቀን ደግሞ ይብሳል።

ለምን? ተራው ሰባት ቀን ከሆነና ሳምንቱም ሰባት ቀን ከሆነ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ። ዛሬ እሁድ የወደቀበት ሰው የሚቀጥለውም እሁድ ነው። የገበያ ቀን ተራ የደረሰው ዓመቱን ሙሉ ገበያ አይወጣም። ሌሊት የደረሰውም እንደዚያው። ማንም ክፉ ሳያስብ ሰንጠረዡ ራሱ አድልዎ ይሠራል።

10 ቀን ያሉት ሰዎች እሁድን ከአንድ ሰው ትከሻ ማውረድ ፈልገው ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን የእኛ ወር 30 ቀን ነው። 10 ደግሞ 30ን እኩል ይከፍላል። በ1 ያጠጣ ሰው በ11 እና በ21 ያጠጣል። ማርያም በየወሩ የእሱ ሆነች ማለት ነው። በ9 የጀመረው ደግሞ በ19 ገብርኤልን፣ በ29 በዓለ ወልድን ይሸከማል። ሁለት በዓል በየወሩ! ሌሊቱም ሌሊት፣ ቀኑም ቀን ሆኖ ይቀራል፤ 10 ሙሉ ቀን ስለሆነ። በዚያ ላይ ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው። አሸዋማ መሬት ላይ 10 ቀን አይጠብቃችሁም።

እንግዲህ የምንፈልገው ቁጥር ከሳምንቱም ከወሩም ጋር የማይገጥም፣ ቀንና ሌሊትን የሚያቀያይር፣ ለሽንኩርቱም የሚስማማ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር አለ፤ 13 ፈረቃ።

አንድ ፈረቃ 12 ሰዓት ይሁን። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12፣ ወይም ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12። 13 ፈረቃ ስድስት ቀን ተኩል ይሆናል። አንድ ቡድን ሰኞ ጠዋት ጀመረ እንበል። የሚቀጥለው ተራው እሁድ ማታ ነው። ከዚያ በሳምንቱ እሁድ ጠዋት። ከዚያ ቅዳሜ ማታ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሕጉን በቃል ለመያዝ ቀላል ነው፤ ቀን ያጠጣ ሰው ቀጣዩ ተራው ካጠጣበት ዕለት አንድ ቀን ቀድሞ፣ ማታ ነው። ማታ ያጠጣ ሰው ቀጣዩ በዚያው ዕለት ስም፣ ጠዋት ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም አይስተውም።

አሁን ቆንጆው ነገር። 14 ተራ ሲሞላ 91 ቀን ይሆናል፤ ልክ 13 ሳምንት። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ከሳምንቱ 14 ግማሽ ቀኖች እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ ይቀምሳል። አንድ እሁድ ቀን፣ አንድ እሁድ ማታ፣ አንድ የገበያ ቀን። አይበልጥም፣ አያንስም። 91 ቀን ደግሞ ሽንኩርት ከተተከለ እስከሚነቀል ድረስ ካለው ጊዜ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሚዛኑ የሚመጣው በዚያው ወቅት ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት ይክሰኛል» ተብሎ አይጠበቅም።

የወር በዓሎቹም እንዲሁ ይዞራሉ። ሚካኤል ቀን ዛሬ ከደረሰው ቡድን ዳግመኛ የሚደርሰው 12ቱም ሌሎች ፈረቃዎች ካዩት በኋላ ነው። ጳጉሜን መሀል ስትገባ ጥቂት ታዛንፈዋለች፤ እሷን ተዋት።

ለምን 15 አይሆንም የሚል ሰው ይነሳል። 15 ፈረቃ ሰባት ቀን ተኩል ነው፤ ቀንና ሌሊት ያቀያይራል፣ እሁድንም ያንሸራትታል። ግን አራት ተራ 30 ቀን ይሞላል። ያው ሰው በየወሩ በዚያው ቀን ላይ ይወድቃል። ተመልሳችሁ ወደ በዓለ ወልድ ጠብ ትገባላችሁ።

መሬቱን እንከፋፍለው። 48 ጥማድን ለ12 ቡድን ስታካፍሉት አራት አራት ጥማድ፣ ማለትም በግምት አንድ አንድ ሄክታር ይደርሳል። በአንድ ቡድን ሦስት ቤተሰብ አካባቢ ይሆናል። ለአንድ ጥማድ ሦስት ሰዓት። ሁለት ጥማድ ያለው ስድስት ሰዓት፣ ግማሽ ጥማድ ያለው ሰዓት ተኩል ያገኛል። «ሁሉም እኩል ሰዓት» የሚል ሐሳብ ካለ እኔ አልደግፈውም። ውሃ የሚጠጣው ሰውዬው ሳይሆን መሬቱ ነው። የመሬት ድልድሉ ፍትሐዊ ካልመሰላችሁ እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ በውሃ ተራ አይታረምም።

ውሃው ይበቃል? በሰከንድ 15 ሊትር በ12 ሰዓት 648 ሜትር ኩብ ይሰጣል። አንድ ሄክታር ላይ ሲፈስ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአፈር ቦይና በማሳው ላይ 40 በመቶው ይባክናል ብንል 39 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ሽንኩርት በደንብ በሚጠማበት ወቅት በቀን አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ለስድስት ቀን ተኩል 33 እስከ 39 ሚሊ ሜትር። ይበቃል፤ ግን ጠብ የምትል ትርፍ የለም። ቦዩ ደለል ሲይዝ ወዲያው የምትጣሉት ለዚህ ነው።

12 ቡድን፣ 13 ፈረቃ። 13ኛው የማንም አይደለም። የማህበሩ ነው። ጉባኤው ላይ ብዙ ጫጫታ የሚነሳው እዚህ ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ ልንገርዎት። «ውሃ እያጠረን ባዶ ፈረቃ?» ይባላል። ባዶ አይደለም። ቦይ ተሰብሮ፣ ጎርፍ መጥለፊያውን አፍርሶ፣ በሞት ወይም በሕመም ተራው የተበላበት ሰው የሚካሰው ከዚህ ነው። ይህ ከሌለ አንድ ቀን ቦይ ሲሰበር ሁለት ምርጫ ብቻ አላችሁ። ወይ ተራው የተበላበት ሰው ይከስራል፣ ወይ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ የ91 ቀኑ ስሌት በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ካሳ የሚጠይቅ በሌለበት ተራ ፈረቃው አዲስ ችግኝ ለተከለ ሰው ይሰጥ። ችግኝ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ቀን ተኩል አይታገስም። ሁለት ሰው ከጠየቀ በዕጣ።

ከታች ያሉት ወደሚያማርሩበት ጉዳይ እንሂድ። ተራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ ወይስ ከታች ወደ ላይ? ዋናው ነገር መዝለል የለበትም። ዛሬ ከላይ፣ ነገ ከታች፣ ከነገ ወዲያ መሀል ከሆነ በየጊዜው የደረቀ አፈር ማራስ ነው። ደረቅ ቦይ ራሱ ይጠጣል። ዕጣ ጥላችሁ ቅደም ተከተሉን ብትደበላልቁት ለፍትሕ ስትሉ ውሃውን ለመሬት ሰጣችሁት። ዕጣው እቁብ ላይ ትርጉም አለው፤ ቀድሞ የወጣለት ገንዘቡን ቀድሞ ይሠራበታል። እዚህ ግን ተራው ስለሚሽከረከር መጀመሪያ መሆን የሚጠቅመው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው።

እኔ ከታች ወደ ላይ እመርጣለሁ። የመጨረሻው ማሳ ይጀምር፣ ቡድን በቡድን ወደ መጥለፊያው ውጡ። 13ኛውን ፈረቃ ከላይኛው ቡድን በኋላ፣ ከታችኛው ቡድን በፊት አድርጉት። ውሃው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። እንጨት ጥላችሁ ተከትላችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ ቦዩ ደርቆ ሳለ ግን መጀመሪያ አፈሩ እስኪጠግብ ይቆያልና የውሃውን ግንባር ተከተሉ። እነዚህ ሁለት ሰዓታት ከማህበሩ ፈረቃ መጨረሻ ላይ ይቆረጡ። የታችኛው ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ሲመጣ ውሃው ማሳው ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል። ከዚያ ተራው ወደ ላይ ሲወጣ ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፤ እሱም የታችኞቹ ነው። በመንገድ ለሚሰርግባቸው ትንሽ ማካካሻ ትሆናቸዋለች።

ይህን ዓይነት ሂሳብ በደንብ የሚሠሩት በሕንድና በፓኪስታን ፑንጃብ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ዋራባንዲ ይሉታል። የሳምንቱን 168 ሰዓት በመሬት ስፋት ደቂቃ በደቂቃ ይከፋፈሉታል። ቦዩን ለሚሞላው ሰው ጊዜ ይጨመርለታል። ቦዩ ውስጥ የቀረውን ለሚወስደው ሰው ደግሞ ይቀነስበታል። የእነሱ ተራ እንደ እናንተ ሰባት ቀን ስለሆነ የሌሊት ችግር አለበት። መፍትሔያቸው ሰንጠረዡን በዓመት አንድ ጊዜ በ12 ሰዓት መግፋት ነው። የዘንድሮ ሌሊት የከርሞ ቀን ይሆናል። 13 ፈረቃ ያንኑ በየተራው ያደርገዋል። ኦማኖች ደግሞ ሌሊት ሌሊት ተራቸውን በኮከብ ይለኩ ነበር፤ ለእናንተ የእጅ ስልክ ይበቃል። የማን ስልክ ትክክል እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ወስኑ። የውሃ አባቱ ስልክ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ያስተካክል። አምስት ደቂቃ ብዙ አጣልቷል።

የእናቶቹ ጉዳይ። ከሁለት ተራ አንዱ ሌሊት መሆኑ አይቀርም። ግን ሌሊቱ ራሱ 12 ሰዓት ነው፣ በቡድኑም ውስጥ ሦስት ቤተሰብ አለ። ከማታ 12 እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋር አንድ አይደለም። ብቻዋን ላለች እናት የመጀመሪያው ወይም የንጋቱ ሰዓት ይሰጣት። ይህን ቡድኑ ይወስን፣ ማህበሩ በደንቡ ያጽድቀው። በውለታ ብቻ ከተተወ በሁለተኛው ወር ይረሳል። አቅም ካላችሁ ደግሞ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬ አስቡበት። የአንድ ሌሊት ውሃችሁ 648 ሜትር ኩብ ስለሆነ 18 በ18 ሜትር፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይይዘዋል። ልጆችና ከብት እንዳይገቡበት ዙሪያውን ማጠር ካልቻላችሁ ግን አትጀምሩት።

የበዓል ቀንስ? ማረሻ በማይነሳበት ቀን ውሃ መምራት ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ከደብር ደብር ይለያያል። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ እሱን አልፈርድም። የደብሩን አለቃና ሽማግሌዎችን አንድ ጊዜ ጠይቁና መልሱን ጻፉት። «አይቻልም» ከተባለ ያ ፈረቃ የሁሉም ኪሳራ ሆኖ ይዞራል። እስከ ዛሬ የሦስት ቤተሰብ ኪሳራ ነበር።

ጠረጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማህበር የሚፈርሰው እዚህ ነው። ከላይ ያሉት ሲቀሩ የሚያቀርቡት ክርክር አለ። «እኔ የምጠቀመው የመጀመሪያዋን አንድ ሦስተኛ ቦይ ነው፤ የታችኛውን ለምን እጠርጋለሁ?» ክርክሩ ዝም ብሎ ስንፍና አይደለም። በሒሳብም ይደገፋል። ሎይድ ሻፕሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1953 (እ.ኤ.አ.) የጋራ ወጪንና ጥቅምን ስለማካፈል አንድ ቀመር አወጣ፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት አግኝቷል። ቀመሩ ለአውሮፕላን መንደርደሪያ ወጪ ሲሠራ እንዲህ ይወጣል። ሁሉም የሚጠቀምበትን ክፍል ሁሉም ይክፈል፤ ረጅሙን ክፍል የሚፈልጉት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ብቻ ስለሆኑ እሱን እነሱ ብቻ ይካፈሉት። ወደ እናንተ ቦይ እናምጣው። ቦዩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ በየቦታው አራት አራት ቡድን ይኑር፣ እያንዳንዱ ክፍል 24 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ) ጠረጋ ይፈልግ እንበል። የላይኛው ቡድን ሁለት ቀን ይወጣል። የመሀሉ አምስት። የታችኛው 11።

ስሌቱ ትክክል ነው። ቢሆንም አልመክረውም። የታችኛው ሰው መጀመሪያውኑ በመንገድ ውሃ ይሰርግበታል። አሁን ደግሞ አምስት እጥፍ ተኩል ጉልበት ትጠይቁታላችሁ። ሁለት ወቅት ይችላል፤ በሦስተኛው ትቶ ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። ያኔ ክረምት ጎርፍ መጥለፊያውን ሲያፈርሰው የላይኞቹ ማንን ይጠራሉ? መጥለፊያው የሁሉም ነው፣ ከባዱም ሥራ እሱ ነው። ስለዚህ እኩል ስድስት ስድስት ቀን ይሁን፣ የመጥለፊያው ጥገናም እንዲሁ በእኩል ይታሰብ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም ከባልደረቦቿ ጋር የኔፓል የመስኖ ቦዮችን አጥንታለች። ገበሬው ራሱ በድንጋይና በጭቃ የሠራቸው ብዙዎቹ ቦዮች በሲሚንቶ ከተሠሩት ይልቅ ለታችኛው ሰው የተሻለ ውሃ ያደርሱ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጭቃው መጥለፊያ በየዓመቱ ስለሚፈርስ የላይኛው ሰው የታችኛውን ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃ ይለቅለታል። ሲሚንቶ ሲመጣ ውለታው ይቋረጣል። የእናንተ መጥለፊያ በቅርቡ በሲሚንቶ ተሠርቶ ከሆነና ጠቡም ከዚያ ወዲህ ከተነሳ አይግረማችሁ። ያኔ የጉልበት ውለታው የሠራውን ሥራ ደንቡ መሥራት አለበት፤ ጠረጋ ያልወጣ ቡድን የቀረበትን የሰው ቀን በሚቀጥለው ጠረጋ እጥፍ ይከፍላል ብላችሁ ጻፉ።

ውሃ ለሚሰርቅስ? ተራውን አትከልክሉት። ሽንኩርት ኮረት በሚይዝበት ሰዓት አንድ ተራ ማስቀረት ምርቱን መግደል ነው፣ ከጥፋቱ ይበልጣል። የሰረቀውን ሰዓት ከራሱ ሰዓት ቀንሳችሁ ለተሰረቀው ስጡ፣ በተጨማሪ የጠረጋ ቀን ይጨመርበት። በደገመ ቁጥር ከፍ ይበል። ጠባቂ መቅጠርም አያስፈልግም። ከታች ወደ ላይ ስትሄዱ የላይኛው ሰው የራሱ ሰዓት ሲቃረብ ቦዩ ላይ ይገኛል፤ ከእሱ የተሻለ ዘበኛ የለም። ክርክሩን የሚሰማ ቋሚ ቀን ይኑራችሁ። በስፔን ቫሌንሲያ የውሃ ዳኞች ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው በቃል ሰምተው እዚያው ይፈርዳሉ፤ ዳኞቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ናቸው። እናንተም ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ብትመድቡ ወረዳ ድረስ የሚሄድ ነገር ይቀንሳል።

ፈረቃ መለዋወጥ ይፈቀድ። ሁለቱ ተስማምተው ለውሃ አባቱ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩ፣ መዝገብ ላይ ይጻፍ። መሸጥ ግን ይከልከል ባይ ነኝ። ገንዘብ ከገባ የደከመው ሰው ሌሊቱን ይዞ ቀኑን ይሸጣል፣ የተሠራው ሚዛን ሁሉ ይፈርሳል። በዚህ የማይስማሙኝ ባልደረቦች አሉ።

ይህ ሁሉ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ገብቶ በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ወጥቷል፤ ደንባችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት ከእሱና ከክልላችሁ መመሪያ ጋር አስተያዩት። የ91 ቀኑን ሰንጠረዥ በአንድ ትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ለጥፉ። ከመስከረም 1 ሳይሆን ችግኝ ከሚተከልበት ሳምንት ይጀምር።

የቀረው ሚያዝያ ነው። ውሃው ወደ ሰባት ሊትር ተኩል ሲወርድ ተራውን አታስረዝሙ፣ ሰዓቱንም አትንኩ። መነካት ያለበት የሚተከለው መሬት ነው። 48ቱን ጥማድ ግማሽ ግማሽ ከማጠጣት 24ቱን በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሽንኩርት አንዴ ተጠምቶ አንዴ ሲጠግብ ይሰነጠቃል፣ ገበያ ላይ አይነሳም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመሬቱ ግማሹን፣ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይትከል፤ ትንሽ ውሃ ረጅም ቦይ ላይ ሲሄድ ከትልቁ ይልቅ ድርሻው ይበልጥ ይሰርጋልና። ይህን ስምምነት ሚያዝያ ላይ ማምጣት አይቻልም፤ ሰው የተከለውን ንቀል ስትሉት አይሰማችሁም። ለሁለተኛው ዙር ችግኝ ከመፍሰሱ በፊት፣ ውሃውን እንደገና አስለክታችሁ፣ ያምናውንም ቁጥር አጠገቡ ጽፋችሁ ጉባኤ ጥሩ።